ትሏ ስትሰቀል እጃችሁን ሰብስቡ

እንደምን አረፈዳችሁ! ኧረ ድምፅ ይሰማ፣ እንደምን አረፈዳችሁ? እሺ፣ አሁን ነቅታችኋል። እናቶች፣ አባቶች፣ ከፊት ምንጣፉ ላይ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የቅዳሜ ገበያን ትቶ ቢራቢሮ ስለምትሆን ትል ሊሰማ የሚመጣ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ ይህን ያህል ይኖራል ብዬ አልጠበቅኩም። ከኋላ ያላችሁት ለቡናው እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ይሁን፣ ቡናው ይመጣል፣ እስከዚያ ስሙኝ።

ለማታውቁኝ፣ ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። አሁን ተማሪዎቼ ትሎች ናቸው። አይረብሹም፣ አያረፍዱም፣ ቅጠል ብቻ ስጧቸው።

ዛሬ የማወራችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የትኛዋን ትል እንደምናሳድግና ከየት እንደምናገኛት። ሁለተኛ፣ ምን እንደምትበላና የት እንደምትኖር። ሦስተኛ፣ መብላት አቁማ፣ ተሰቅላ፣ ትምህርት ቤት ፑፓ ስንል የተማርነውን፣ ቅርፊት ውስጥ ሆና ወደ ቢራቢሮ የምትለወጥበትን፣ ስትሆን እንዴት እንደምንጠብቃት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቶሎ ቶሎ ነው የማልፋቸው። ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ። ምክንያቱም ብዙው ሰው የሚያበላሸው እዚያ ነው። ሲያበላ፣ ሲያጸዳ፣ ሲንከባከብ ይከርምና ልክ እጁን መሰብሰብ ባለበት ቀን እጁን ይዘረጋል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እንነጋገር። ትል ስል ፊታችሁን ያጨማደዳችሁ አላችሁ፣ አይቻለሁ። አልፈርድባችሁም። የገበሬ ልጅ ትል ሲባል ትዝ የሚለው ተምች ነው። በ2009 ዓ.ም. ከአሜሪካ አህጉር የመነጨው አዲሱ ተምች አገራችን ገብቶ የበቆሎውን ለጋ ቅጠል እንዴት ወንፊት እንዳደረገው ያየ ሰው፣ ትል አሳድጋለሁ የምትል ጡረተኛ ሲያጋጥመው ቢያማትብ ምን ይገርማል? ሌላው ደግሞ ልጅ ሆኖ አባጨጓሬ ነክቶ እጁን ሲያክ ያደረ ነው። እውነት ነው፣ ጠጉራሙ አባጨጓሬ ያቃጥላል፣ አይነካም። ልጆች፣ ጠጉር ያለውን አንነካም፣ እሺ? የእኛዋ ግን ጠጉር የላትም። ቆዳዋ ልስልስ ነው፣ አትናከስም፣ አታሳክክም።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጓሯችን ውስጥ የነበረችውን ሎሚ ከእኛ ሳታስበልጣት አትቀርም። ጠዋት ጠዋት ዞራ ትሉን በእንጨት እየለቀመች ለዶሮ ትጥላለች። ዶሮዎቹ ሰዓቱን አውቀው ሎሚዋ ሥር ይጠብቋታል። ኮሌጅ ገብቼ ስመለስ፣ "እማዬ፣ ያቺ አበባሽ ላይ የምትመጣው ትልቋ ቢራቢሮ እኮ ይህቺው ናት" አልኳት። ትሏንም እኔንም አየችና፣ "እና ልጆቿን እኔ ላሳድግላት?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ቅርንጫፍ ሳትለቅም መተው ጀመረች። ለምን እንደሆነ ነግራኝ አታውቅም።

እሺ፣ ወደ አንደኛው ነጥብ።

የምናሳድጋት የሎሚ ቢራቢሮ ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ፓፒሊዮ ዲሞዶከስ ነው። ሁላችሁም አይታችኋታል። ክንፎቿ ሲዘረጉ 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናሉ፣ መደቡ ጥቁር፣ ላዩ ላይ ነጣ ያለ ቢጫ ነቁጥ የበዛበት፣ ከኋላ ክንፎቿ ላይ ሰማያዊና ቀይ ያለው ዓይን የሚመስል ክብ አለ። አበባ ላይ ስትቀመጥ እንኳን ክንፏን ማራገቧን አታቆምም። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በሰፊው አለች። ደቡብ አፍሪካውያን የገና ቢራቢሮ ይሏታል፣ የእነሱ በጋ በገና ሰሞን ስለሆነ። ለምን እሷን መረጥኩ? ትሏ የሎሚና የብርቱካን ቅጠል ስለምትበላ ነዋ! እኛ እዚህ ዘጌን አጠገባችን አድርገን፣ ቡናውን፣ ጌሾውን፣ ሎሚውን የሚያበቅል ደን በጀልባ ደርሰን እየተመለስን፣ የሎሚ ቅጠል ጠፋ ልንል ነው? ሎሚ የሌለው ጎረቤቱ አለው።

እንቁላሏን ፈልጉ። ክረምቱ ወጥቶ ሎሚው ለጋ ቅጠል ሲያወጣ፣ ጫፍ ጫፉን እዩ። ሴቷ ቅጠሉን በእግሮቿ እየነካካች ትቀምሰዋለች። አዎ፣ በእግሯ ነው የምትቀምሰው፣ አትሳቁ። ልክ መሆኑን ስታረጋግጥ ጅራቷን ቆልመም አድርጋ አንድ እንቁላል ትጥልና ትሄዳለች። ድቡልቡል፣ ቢጫማ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ ናት። ቅጠሉን ከነቅርንጫፉ ቁረጡና ውሰዱት። ትልልቁን ትል ከዛፉ ከመልቀም እንቁላሉን መውሰድ ይሻላል። ትልቁ ትል ውጭ ብዙ ቀን ስለቆየ ዝንብ ወይም ተርብ ቀድሞት እንቁላሉን ጥሎበት ሊሆን ይችላል። ያኔ ተርብ ነው የምታሳድጉት።

ስንት እንውሰድ? ጥቂት። አምስት ስድስት ይበቃል። መቶ ትል አንድ ካርቶን ውስጥ አጉራችሁ ከሆነ አንዷ ስትታመም ሁሏም ትታመማለች። እህቴ አሜሪካ ቨርጂኒያ ነው ያለችው፣ ልጇ እዚያ ሞናርክ የምትባለውን ብርቱካንማ ቢራቢሮ ያሳድጋል። እዚያ ያሉ ባለሙያዎች ሞናርክን በገፍ ቤት ውስጥ አታርቡ ይላሉ። ምክንያታቸው ይኸው ነው፣ መጨናነቅ በሽታ ያዛምታል። ልጁ ሲነግረኝ "አክስቴ፣ ጥቂት ብቻ ነው የሚፈቀደው" አለኝ። "የእናትህ ልጅ አይደለህ፣ ሕግ ታከብራለህ" አልኩት።

ሁለተኛው ነጥብ። ምግብና ቤት።

ሞቅ ባለ ቦታ እንቁላሉ ሳምንት ሳይሞላው ይፈለፈላል። ትሏ መጀመሪያ የገዛ ራሷን የእንቁላል ቅርፊት ትበላለች። ከዚያ ቅጠል። ትንሽ እያለች ቡናማና ነጭ ናት፣ ቁርጥ የወፍ ኩስ። ይሄ ጥበቧ ነው። ወፍ የራሱን ኩስ አይበላማ! ካደገች በኋላ ግን ኩስ ነኝ ብትል ማን ያምናታል? ስለዚህ ቆዳዋን ለመጨረሻ ጊዜ ስትቀይር አረንጓዴ ትሆናለች፣ ቅጠሉ ውስጥ ትጠፋለች። ካስደነገጣችኋት ደግሞ ከጭንቅላቷ ጀርባ መንታ የሆነ ብርቱካናማ ቀንድ ታወጣለች። ይሸታል። የኮመጠጠ፣ የበሰበሰ የሎሚ ሽታ። ክፍል ውስጥ ይህን ሳሳይ ወንዶቹ ተማሪዎች አፍንጫቸውን ይዘው ሲሸሹ ሴቶቹ "እንደገና! እንደገና!" ይሉኝ ነበር። ደጋግማችሁ ግን አታስቆጧት፣ ጉልበቷን ነው የምትጨርሰው።

ቅርንጫፉን ሃይላንድ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ ክተቱት። የሃይላንዱን አፍ በሶፍት ወይም በጥጥ ድፈኑት። ካልደፈናችሁት ትሏ ግንዱን ተከትላ ትወርድና ውሃ ውስጥ ትሞታለች። ሃይላንዱን ካርቶን ውስጥ አቁሙት። የካርቶኑን ሁለት ጎን በመቀስ ቁረጡና አጎበር ለጥፉበት። ኩሷን በየቀኑ አራግፉ፣ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ቀይሩ። ቅጠል ስትቀይሩ ትሏን በጣት ይዛችሁ አትጎትቱ፣ በእግሮቿ ጠበቅ አድርጋ ነው የምትይዘው። ያለችበትን ቅጠል ቆርጣችሁ አዲሱ ላይ አስቀምጡት፣ ራሷ ትሻገራለች። ምንም ሳትበላ ዝም ብላ ከቆመች አትረብሿት፣ ቆዳ ልትቀይር ነው። ፌስታል ወይም የታሸገ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አታኑሯት። ላብ ያልበዋል፣ ሻጋታ ያወጣል። በቃ። ትል ማሳደግ ይህን ያህል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። መድኃኒት። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ትሎቿ ቅጠል አጠሩባትና ከአንድ ችግኝ ሻጭ የሎሚ ችግኝ ገዛች። የሚያምር ችግኝ፣ አንድ ቀዳዳ የሌለበት። ማታ ትሎቹን አዛወረች። ጠዋት ሁሉም ጥቁር ሆነው መሬት ላይ ተንጠባጥበዋል። ችግኙ ተረጭቶ ነበር። አጥባው ነበር እኮ፣ ግን ሥርና ግንድ ውስጥ የሚገባ መድኃኒት አለ፣ በውሃ አይለቅም። እና ቀዳዳ የሌለበት የሎሚ ቅጠል ስታዩ አትደሰቱ። ተጠራጠሩ። ቤት ውስጥም ፍሊት አትንፉ። ለወባ ቤት ለመርጨት ሲመጡ ደግሞ፣ ስሙኝ በደንብ፣ ካርቶኑን ውሰዱና ጎረቤት አስቀምጡት። "ትል አለኝ አታስረጩብኝ" እንዳትሉ! ወባ ቀልድ አይደለም።

አሁን ሦስተኛው። ሁላችሁም ወደ እኔ ተመልከቱ።

ትሏ ሦስት አራት ሳምንት፣ ሲበርድ ከዚያም በላይ ትበላለች። በመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ያለው አበላል ሌላ ነው፣ ጠዋት የሰጣችሁት ቅርንጫፍ ማታ እንጨት ብቻ ይቀራል። ከዚያ አንድ ቀን ድንገት ታቆማለች። ውሃ የበዛበት ለስላሳ ኩስ ትጥላለች። ተቅማጥ መስሏችሁ አትደንግጡ፣ አንጀቷን ባዶ እያደረገች ነው። አጠር ትላለች፣ ቀለሟ ፈዘዝ ይላል። ከዚያ መሄድ ትጀምራለች። ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ ትሄዳለች። የምትሰቀልበትን ቦታ ፍለጋ ነው።

እዚህ ላይ ካርቶኑ ካልተዘጋ ቤቱ በሙሉ የእሷ ነው። አንድ ጎረቤታችን ቤት አንዷ አምልጣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ከመኝታ ቤት በር ማጠፊያ አጠገብ ተሰቅላ ተገኘች። በሩ ቢዘጋ ትጨፈለቃለች። ሰውየው ጎምቱ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፣ ቀልድ አያውቁም። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በሩን በድንጋይ አስደግፈው፣ ወረቀት ላይ በትልቁ "በሩ እንዳይነካ" ብለው ለጠፉበት። እንግዳ ሲመጣ "ጋሼ፣ በሩ ምን ሆኖ ነው?" ሲባሉ "ሰው ተኝቷል" ይላሉ። ቢራቢሮዋ እስክትወጣ ድረስ መኝታ ቤታቸውን ሳይዘጉ አደሩ።

ስለዚህ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። መሄድ ከመጀመሯ በፊት ካርቶኑ ውስጥ ደረቅ እንጨቶችን አጋድማችሁ አቁሙ፣ ከታች እስከ ላይ። ልጣጩ ሻካራ የሆነ እንጨት ይሁን፣ ለስላሳ ከሆነ የምትሰቀልበት የሐር ክሯ ይንሸራተታል። በእንጨቱና በካርቶኑ ግድግዳ መካከል የአንድ መዳፍ ክፍተት ተዉ። ለምን እንደሆነ በኋላ ትረዱታላችሁ። አሮጌ ነጠላ ካላችሁ ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች በእሱ ሸፍኑት። አጎበሩ እንሽላሊትንና ዝንብን ያቆማል፣ ጥቃቅኑን ተርብ ግን አጎበር ላያቆመው ይችላል፣ ነጠላ ያቆመዋል። ካርቶኑ ያለበትን ጠረጴዛ አራቱንም እግር ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙ። ይሄ ለጉንዳን ነው። ጉንዳን ፑፓ ካገኘ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ አለው፣ ጠዋት ቅርፊት ብቻ ታገኛላችሁ። ጠረጴዛው ግድግዳ እንዳይነካ፣ መጋረጃም እንዳይነካው። ጉንዳን ድልድይ አያጣም።

ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ ምን ታደርጋላችሁ? ምንም! እጃችሁን ኪስ ውስጥ ትከታላችሁ። ልጆች፣ ትሏ ስትሰቀል እጃችን የት ነው? ኪስ! አልሰማሁም፣ የት ነው? ኪስ! ጎበዞች።

ምን እየሆነ እንዳለ ልንገራችሁ፣ ያኔ ለምን እንደማይነካ ይገባችኋል። መጀመሪያ እንጨቱ ላይ ጥቂት ሐር ትተፋና በጅራቷ በኩል ያሉትን እግሮቿን እዚያ ላይ ታጣብቃለች። ጭንቅላቷ ወደ ላይ ነው። ቀጥሎ ጭንቅላቷን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እያዞረች አንዱን ክር በሌላው ላይ ትደርባለች፣ ክሩን በፊት እግሮቿ ይዛ። ክሩ ሲጠነክርላት ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ በሥሩ ትሾልካለች። መታጠቂያ ሠራች ማለት ነው። ወደ ኋላ ለጠጥ ትልና ክሩ ይሸከማታል። ስልክ እንጨት ላይ ወጥቶ መብራት የሚሠራ ሰው አይታችሁ የለ? ወገቡ ላይ ቀበቶ፣ እግሩ ላይ ጥርስ። ልክ እንደዚያ።

በዚያ ሁኔታ አንድ ቀን ገደማ ትቆያለች። የሞተች ትመስላለች። ብዙ ሰው የሚነካት እዚህ ላይ ነው፣ "ምነው አልተንቀሳቀሰችም?" ብሎ። አትንኩ! ከዚያ ከጭንቅላቷ ጀርባ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ እየተሸበሸበ ወደ ታች ይወርዳል። ከሥሩ አረንጓዴው ፑፓ ይወጣል። አሁን የመጨረሻው ጭንቅ አለ። አሮጌው ቆዳ ጅራቷ ላይ ደርሷል፣ መውለቅ አለበት። ግን የያዛት እኮ በዚያ በኩል ነው! ስለዚህ ጅራቷን ከቆዳው መዝዛ፣ አየር ላይ ፈልጋ፣ ጫፏ ላይ ያሉትን ጥቃቅን መንጠቆዎች እንደገና ሐሩ ላይ ትሰካለች። በዚያች ቅጽበት የያዛት ወገቧ ላይ ያለው ክር ብቻ ነው። ካርቶኑን ብታንቀጠቅጡ፣ ለፎቶ ብላችሁ እንጨቱን ብታዞሩ፣ ትወድቃለች። ገና ውሃ የሞላ ፊኛ ያህል ለስላሳ ናትና ትፈርጣለች።

ቀለሟም እዚህ ይወሰናል። አረንጓዴ ለስላሳ ነገር ላይ ከተሰቀለች አረንጓዴ፣ ቡናማ ሻካራ እንጨት ላይ ከሆነች ቡናማ ልትሆን ትችላለች። ቡናማ ሆነች ብላችሁ ሞታለች እንዳትሉ።

አሁን ነጠላውን ለምን እንዳልኩ። ከ3 ሚሊ ሜትር የማትበልጥ አንዲት ተርብ አለች። የሚያብረቀርቅ ጥቁር አረንጓዴ። የተሰቀለች ትል ካገኘች አጠገቧ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ለምን? ቆዳው እስኪወልቅ። አዲሱ ፑፓ ለስላሳ የሚሆነው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፣ ከጠነከረ መርፌዋ አይገባም። ስለዚህ ሰዓቷን ጠብቃ፣ ገና እርጥብ እያለች ትወጋና እንቁላሏን ትጥልባታለች። ከውጭ ምንም አይታይም። እናንተ ቢራቢሮ ትጠብቃላችሁ።

አስተማሪ እያለሁ አንድ ትንሽ ልጅ፣ የሰባተኛ ክፍል፣ ፑፓውን በወረቀት ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። "ቲቸር፣ ቢራቢሮዋ መቼ እንደሄደች አላየሁም" አለኝ። አየሁት። ፑፓው ሙሉ ነው፣ አልተከፈተም። ጎኑ ላይ ግን በመርፌ የተበሳ የምትመስል ክብ ቀዳዳ አለች። አጉሊ መነጽር ሰጠሁትና አብረን አየን። ከቀዳዳዋ አንዲት የዘገየች ተርብ ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ አንቴናዋን ስታጸዳ ነበር። ከአንድ ፑፓ በአሥሮች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴ ከመቶ በላይ ይወጣሉ። ልጁ ያለቅሳል ብዬ ስጠብቅ፣ "እሷስ እናት የላትም እንዴ?" አለኝ። እስካሁን መልስ የለኝም። ተርቧም መኖር አለባት፣ ሁሉም እንቁላል ቢራቢሮ ቢሆን አንድ ሎሚ አይቀርልንም ነበር። ግን በእኔ ካርቶን ውስጥ አይደለም። ውጭ ዛፉ ላይ ትፈልግ።

ልጆች፣ አንድ ታሪክ ልጨምር። ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን የምትባል ሴት ነበረች፣ በ1647 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ጀርመን የተወለደች። በ13 ዓመቷ የሐር ትል ቤት ውስጥ ታሳድግ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ትልና ዝንብ ከጭቃና ከበሰበሰ ነገር ዝም ብሎ ይፈጠራል ይል ነበር። እሷ ግን ቁጭ ብላ አየች። እንቁላሉን፣ ትሉን፣ ፑፓውን፣ ቢራቢሮውን፣ ትሉ የሚበላውን ቅጠል ጭምር አንድ ገጽ ላይ ሣለች። አንዳንዱ ፑፓ ቢራቢሮ ሳይሆን ዝንብ ሲወጣው አይታ ያንንም ሣለች። በ1699 ልጇን ይዛ በመርከብ እስከ ደቡብ አሜሪካ፣ እስከ ሱሪናም ሄደች፣ ትል ፍለጋ! ዩኒቨርሲቲ አልገባችም፣ ያኔ ሴት አይገባም ነበር። እና ነገ "ትል ምን ይሠራልሻል?" የሚልሽ ካለ፣ ሚጣዬ፣ አንቺን ነው፣ ይህን ንገሪው።

እሺ፣ ብትወድቅስ? ነጠላም ሸፍነን፣ ጣሳም አድርገን፣ ድመት ገልብጣው ቢሆንስ? ክሩ ተበጥሶ መሬት ላይ ካገኛችኋት መጀመሪያ ተዉአት። አዎ፣ እንደገና ተዉአት። አንድ ሁለት ቀን ለስላሳ ሶፍት ላይ ትጠንክር። ከጠነከረች በኋላ ወረቀት ጠቅልላችሁ ቆሎ የሚሸጥበትን ዓይነት ሾጣጣ ሥሩ። ጅራቷን ወደ ታች፣ ጭንቅላቷን ወደ ላይ አድርጋችሁ ሾጣጣው ውስጥ አስቀምጧት። ግማሽ አካሏ ከላይ ይታይ። ሾጣጣውን ካርቶኑ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጥፉት፣ ከበላዩም ስትወጣ የምትንጠላጠልበት ሻካራ ጨርቅ ይኑር። ማስቲሽ አትቀቡ። ፑፓው በጎኑ ይተነፍሳል፣ ቀዳዳውን ትደፍኑታላችሁ።

ቀዶ ማየትስ? አይሆንም። ውስጡ ምን እንዳለ እኔ ልንገራችሁ። አብዛኛው የትሏ አካል ይፈርሳል። ግን ዝም ብሎ ሾርባ አይሆንም። ከትልነቷ ጀምሮ ውስጧ ተኝተው የቆዩ ጥቃቅን የሴል ስብስቦች አሉ፣ አንዱ ለክንፍ፣ አንዱ ለእግር፣ አንዱ ለዓይን። የፈረሰውን እየበሉ የሚያድጉት እነሱ ናቸው። ይህን ሲሠሩ ነው በምላጭ የምትከፍቷት። ክላስ ውስጥ የከፈተ ተማሪ ነበረ፣ ያየው አረንጓዴ ውሃ ነው። ምንም አልተማረበትም።

ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ጠብቁ። ሲበርድ ይዘገያል። ፀሐይ በቀጥታ እንዳይመታት፣ ውሃ አትርጩባት፣ አየሩ በጣም ደረቅ ከሆነ ካርቶኑ አጠገብ ውሃ ያለበት ሳህን ይበቃል። ልትወጣ ስትል ፑፓው ይጠቁራል። በቅርፊቱ ውስጥ ቢጫው ነቁጥ ይታያል። ያኔ ጠዋት ቶሎ ተነሱ። ብዙውን ጊዜ የምትወጣው ጠዋት ነው።

ስትወጣ ክንፏ የተጨማደደ ነው፣ ሆዷ ያበጠ። እንጨቱን ወጥታ ትንጠለጠላለች። ደሟን ከሆዷ ወደ ክንፏ ትገፋለች፣ ክንፉ እያያችሁት ይዘረጋል። የመዳፍ ክፍተት ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ቦታ ካጣች ክንፉ እንደታጠፈ ይደርቅና መቼም አይቃናም። ቀላ ያለ ፈሳሽ ትጥላለች፣ ደም አይደለም፣ የፑፓነቷ ቆሻሻ ነው። ቅርፊቱን በጥፍር ላግዛት አትበሉ። ከወደቀች ብቻ እንጨት አቅርቡላት፣ ራሷ ትወጣለች። ለጥቂት ሰዓታት ተዉአት። ክንፏን ማራገብ ስትጀምር፣ ፀሐይ ካለ፣ ነጠላውን ግለጡ። ከዘነበ ወይም ከመሸ እስከ ነገ ትቆይ፣ አትራብም። ጓሯችሁ የወፍ ቆሎ ካለ አበባውን ትወዳለች። የወፍ ቆሎ ትከሉ ማለቴ ግን አይደለም፣ እሱ ራሱ አረም ሆኖ አስቸግሮናል።

ጥያቄ? አቤት፣ እማማ። ... እማማ የሚሉት፣ የልጅ ልጃቸው ያገኛት ፑፓ ጭንቅላቷ ወደ ታች ነው፣ መታጠቂያም የላትም፣ ገለበጥናት ወይ ነው። አይ እማማ፣ አልገለበጣችኋትም። እሷ ሌላ ናት። ነጭ ወተት የሚያወጣ ተክል የምትበላው ብርቱካናማዋ ቢራቢሮ፣ የሞናርክ ዘመድ፣ እንደዚያ ነው የምትንጠለጠለው። እሷ ከወደቀች ሾጣጣ አይሆናትም፣ ጅራቷ ላይ ካለው ሐር ክር አስራችሁ ስቀሏት።

ሌላ? እዚያ ጥግ፣ አዎ፣ አንተ። ... ወሩ አልፎ ካልወጣችስ? ጥሩ ጥያቄ ነው። በብርሃን ፊት አስቀምጠህ እያት፣ ሳትነቅላት። ቀላል ባዶ ከመሰለች፣ ካሸተተች፣ ወይም ጠቁራ ነቁጥ ሳይታይባት ከቆየች ሞታለች። ጎኗ ላይ ቀዳዳ ካለ የማን እንደሆነ ነግሬሃለሁ። ቀለሟ ደህና ከሆነና ስትነካካ ሆዷን ከነቀነቀች ግን በሕይወት አለች። አንዴ ነው የምትነካው ታዲያ፣ በየቀኑ አይደለም! ብርድ ላይ የተሰቀለች ፑፓ ልትቆይ ትችላለች፣ ተዋት።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ፣ ሽታው መጣ። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ እንቁላል ያለባቸው ቅርንጫፎች አስቀምጫለሁ፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ። ቅርንጫፉን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ባጃጅ ውስጥ መስኮት አጠገብ አትቀመጡ፣ ነፋሱ ቅጠሉን ያደርቀዋል። ሎሚ የሌላችሁ ቤቴ ኑና ቁረጡ፣ ዘበኛው ያውቃል፣ ውሻው ግን አያውቅምና ከመግባታችሁ በፊት ተጣሩ።